ርቀቱን ማሽኑ ያስላው፦ በላቴክ ሥዕላዊ መግለጫ ቅርጾችን በስሌት መመጠንና ማሰለፍ

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት የምሕንድስና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በእንግሊዝኛ አጠናቅቃለች እንበል። ጥናቷ የኤሌክትሪክ ሞተርን ፍጥነት ስለሚቆጣጠር ሥርዓት ነው። የጽሑፉ ዋና ሥዕላዊ መግለጫ አራት ክፍሎች አሉት። በላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ የማነጻጸሪያው ክብ፣ የተቆጣጣሪው ሣጥንና የሞተሩ ሣጥን ተሰልፈዋል። ከእነርሱ ሥር ደግሞ የሞተሩን ፍጥነት ለክቶ ወደ ማነጻጸሪያው የሚመልሰው የዳሳሹ ሣጥን ተዘርግቷል። ተማሪዋ የታችኛው ሣጥን ከተቆጣጣሪው ግራ ጫፍ ተነሥቶ በሞተሩ ቀኝ ጫፍ ላይ እንዲያበቃ፣ ቁጥር እየለዋወጠችና ውጤቱን በዓይኗ እየመዘነች አንድ ሙሉ ምሽት አሳለፈች። በመጨረሻ 6.3 ሴንቲ ሜትር ብላ ስትጽፍ ሣጥኑ ልክ መጣላት።

ከዚያም ሥራዋ በአገር ቤት ለሚገኙ የሙያ ባልደረቦቿ እንዲደርስ በአማርኛ ልታዘጋጀው ተነሣች። በሣጥኖቹ ውስጥ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ተካች። ሥዕሉ ወዲያውኑ ፈረሰ። የተቆጣጣሪው ሣጥን ሰፍቶ ከሞተሩ ጋር ተጣበቀ፤ ቀስቱ የሚያልፍበት ቦታ ጠፋ፤ የታችኛው ሣጥንም ከሞተሩ ጫፍ ሳይደርስ ቀረ። ተማሪዋ የተሳሳተ ስሌት አልሠራችም። ችግሩ ከመጀመሪያውም ምንም ስሌት አለመኖሩ ነው። 6.3 የሚለው ቁጥር በአንድ ምሽት፣ በአንድ ቋንቋና በአንድ ቅርጸ ፊደል ብቻ እውነት የነበረ ግምት ነበር።

እንዲህ ያለው ጉድለት የውበት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በምሕንድስና ሥዕል ከሣጥኑ ሳይደርስ የቆመ ቀስት አንባቢው ያልተገናኘ መስመር አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በጂኦሜትሪ ሥዕልም በአንድ ነጥብ ላይ ያልፋል የተባለ ክብ ለጥቂት ስቶ ቢያልፍ ሥዕሉ ከሥሩ የተጻፈውን ማረጋገጫ ይቃረናል። መፍትሔው ግን ለመማር የሚከብድ አይደለም። የሥዕሉን ቁጥሮች በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በቅርጾቹ መካከል ያለውን ዝምድና መግለጽና ርቀቱን ለማሽኑ ማስላት ነው።

ከቴክ እስከ ቲክዝ

የላቴክ መሠረት የሆነው ቴክ የተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ የዶናልድ ክኑት ሥራ ነው። ክኑት የመጽሐፋቸው ሁለተኛ ቅጽ አዲስ እትም የማረሚያ ቅጂ በ1977 እ.ኤ.አ. ሲደርሳቸው የፊደሉ ጥራት አላስደሰታቸውም። በዚያው ዓመትም የራሳቸውን ማቀናበሪያ መሥራት ጀመሩ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሌስሊ ላምፖርት በቴክ ላይ ተመሥርተው ለተራ ተጠቃሚ የሚቀለውን ላቴክ አዘጋጁ። ዛሬ በሒሳብ፣ በፊዚክስና በኮምፒዩተር ሳይንስ የሚወጡ እጅግ ብዙ የጥናት ጽሑፎች በላቴክ የሚዘጋጁ ናቸው።

ቴክ ርዝመትን የሚይዝበት መንገድ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ዋናው መለኪያው ፖይንት ይባላል። በቴክ አንድ ኢንች 72.27 ፖይንት ነው፤ በዚህ ሒሳብ አንድ ሴንቲ ሜትር 28.45 ፖይንት ገደማ ይሆናል። በውስጡ ግን እያንዳንዱን ርዝመት የአንድ ፖይንት 65,536ኛ ክፍል በሆነች ቅንጣት እየቆጠረ በሙሉ ቁጥር ይይዘዋል። ይህች ቅንጣት ወደ 5.4 ናኖሜትር የምትጠጋ ስትሆን ከሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት በብዙ እጥፍ ታንሳለች። ስለዚህ ዓይንና ማስመሪያ ከማሽኑ ልኬት ጋር የሚወዳደሩበት መንገድ የለም።

በላቴክ ሥዕል ለመሥራት በሰፊው ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ በጀርመን የሉቤክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ቲል ታንታው የሠሩት ቲክዝ ነው። ስሙ ራሱ በጀርመንኛ «ቲክዝ የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም አይደለም» የሚል ትርጉም ካለው ሐረግ የተወሰደ ነው። ቀልድ ቢመስልም እውነታውን ይናገራል። በቲክዝ ቅርጽን በአይጥ እየጎተቱ ማስቀመጥ የለም፤ ሥዕሉ የሚገለጸው በጽሑፍ ነው። በጽሑፍ የተገለጸ ነገር ደግሞ ሊሰላ ይችላል።

ስም ያለው ነጥብ፣ መልሕቅ ያለው ሣጥን

ስሌት የሚጀምረው ከስም ነው። በቲክዝ ማንኛውም ነጥብ ወይም ሣጥን ስም ሊሰጠው ይችላል። ዩኒኮድን በቀጥታ በሚያነቡት ዚላቴክና ሉዋላቴክ ሥራው ሲካሄድ ይህ ስም በግዕዝ ፊደል ሊሆንም ይችላል፤ ለምሳሌ ሀ፣ ለ ወይም ዳሳሽ።

ሣጥን በቲክዝ ኖድ ይባላል። ኖድ ከተሣለ በኋላ በዙሪያው መልሕቅ የሚባሉ ቋሚ ነጥቦች ይኖሩታል። መጠሪያቸው ከካርታ የተወሰደ ነው፤ የላይኛው ጠርዝ መካከል ሰሜን፣ የታችኛው ደቡብ፣ የቀኙ ምሥራቅ፣ የግራው ምዕራብ ይባላል። ማዕዘኖቹም እንዲሁ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብ እየተባሉ ይጠራሉ። የሣጥኑ ስፋት ሲለወጥ መልሕቆቹ አብረውት ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ «ከሞተሩ ምሥራቅ» ብሎ የጀመረ ቀስት የሞተሩ ሣጥን የትም ቢሄድ፣ ምንም ያህል ቢሰፋ ከጠርዙ ላይ ይነሣል።

ሣጥኖችን ጎን ለጎን ለማስቀመጥም «የተቆጣጣሪው ቀኝ፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት» ማለት ይቻላል። ይህን የሚያስችለው ፖዚሽኒንግ የተባለው ላይብረሪ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ልዩነት አለ። ላይብረሪው ርቀቱን የሚለካው ከአንዱ ሣጥን ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ ነው። ድሮ የነበረውና ዛሬም በአንዳንድ ፋይሎች ውስጥ የሚገኘው አጻጻፍ ግን ከመካከል እስከ መካከል ይለካል። ከመካከል በተለካ ርቀት የውስጡ ቃል በረዘመ ቁጥር በሣጥኖቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ይጠብባል። ከጠርዝ በተለካ ርቀት ግን ባዶ ቦታው እንዳለ ይቆያል። የተማሪዋ ተቆጣጣሪና ሞተር የተጣበቁት ርቀታቸው ከመካከል የተለካ ስለነበር ነው።

ርቀቱን ማስላት

ርቀት ማስላት የሚያስፈልግበትን ምክንያት በግልጽ የሚያሳየው የዩክሊድ «ኤለመንትስ» የመጀመሪያው ሐሳብ ነው። ጥያቄው በተሰጠ መስመር ላይ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት መሥራት ነው። ዩክሊድ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሀ እስከ ለ መስመር ይሰመራል። ሀን ማዕከል አድርጎ በለ ላይ የሚያልፍ ክብ ይሣላል፤ ለን ማዕከል አድርጎ በሀ ላይ የሚያልፍ ሌላ ክብ ይሣላል። ክቦቹ የሚቋረጡበት ነጥብ ሦስተኛው ማዕዘን ነው። የቲክዝ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ ይህንኑ ሥዕል ለማስተማሪያነት ይጠቀምበታል።

የሁለቱም ክቦች ራዲየስ ከሀ እስከ ለ ያለው ርቀት ነው። ሀ በመነሻው ላይ ቢሆን፣ ለ ደግሞ ከእርሱ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝና 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቢሆን፣ በፓይታጎረስ ቲዎረም ርቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። 4 ሲባዛ በ4 አሥራ ስድስት፣ 3 ሲባዛ በ3 ዘጠኝ፣ ድምሩ 25፣ የዚያ ስኩዌር ሩት 5። ታዲያ ራዲየሱን 5 ብሎ መጻፍ ይበቃ የለምን? ለዛሬ ይበቃል። ነገ ግን ለ ወደ 4 እና 2 ቢዛወር ርቀቱ 4.47 ገደማ ይሆናል፤ ክቡ ግን 5 ላይ ቆሞ ይቀራል። ሥዕሉ የዩክሊድን ሐሳብ ማሳየቱ ቀርቶ ይቃረነዋል።

ቲክዝ ካልክ በተባለው ላይብረሪ አማካይነት ይህን ስሌት በራሱ ይሠራል። አካሄዱ ሦስት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ ሌት በሚለው ትእዛዝ፣ ማለትም «ይሁን» በሚለው ቃል፣ ለ ሲቀነስ ሀ የሚሰጠው ልዩነት ቁጥር ይሰጠዋል። ቲክዝ የዚህን ልዩነት አግድምና ቁም ክፍሎች ለየብቻ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ቀጥሎ ቬክለን የተባለው ተግባር ሁለቱን ክፍሎች ተቀብሎ ርቀቱን ያሰላል። በመጨረሻ ክቡ በተሰላው ርቀት ይሣላል። ለ ወደ የትም ቢዛወር ክቡ ይከተለዋል።

የሌት ስያሜዎች ዕድሜ አጭር መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚሠሩት በዚያው የሥዕል ትእዛዝ ውስጥ፣ ትእዛዙን የሚዘጋው ነጥብ ሰረዝ እስኪደርስ ብቻ ነው። ያው ርቀት በሌላ ትእዛዝም ከተፈለገ እንደገና ማስላት ወይም ውጤቱን በቋሚ መጠሪያ ማስቀመጥ ግድ ይላል።

የ5 ሴንቲ ሜትሩ ወጥመድ

ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ቬክለንን ትቶ «ክፍሎቹን በራሳቸው አባዛለሁ፣ እደምራለሁ፣ ስኩዌር ሩት አወጣለሁ» ሊል ይችላል። ቀመሩ ትክክል ነው፤ ማሽኑ ግን እምቢ ይላል። ምክንያቱ ቴክ ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ርዝመት ከ16,384 ፖይንት በጥቂቱ የሚያንስ መሆኑ ነው። ይህም 5.75 ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ገጽ ከበቂ በላይ ቢሆንም ለብዜት ውጤት ግን አይበቃም።

ያንኑ የ4 እና የ3 ሴንቲ ሜትር ምሳሌ እንውሰድ። በፖይንት ሲለወጥ አግድሙ 113.81፣ ቁሙ 85.36 ይሆናል። የመጀመሪያው በራሱ ሲባዛ 12,953 ገደማ ነው፤ ይህ ከወሰኑ በታች ነው። ሁለተኛው 7,286 ገደማ ነው፤ ይህም ያልፋል። ድምራቸው ግን 20,239 ገደማ ይሆንና ከወሰኑ ያልፋል። ማሽኑም ልኬቱ ከመጠን በላይ መሆኑን ገልጾ ይቆማል። የመጨረሻው መልስ 142.26 ፖይንት ብቻ ሆኖ ሳለ መንገዱ ላይ የተፈጠረው ቁጥር ሥራውን ያሰናክላል። ቬክለን ግን ቁጥሮቹን አስቀድሞ አሳንሶ ስለሚያሰላ ከዚህ ወጥመድ ያመልጣል። ትምህርቱ ከላቴክም ውጭ የሚሠራ ነው፤ በወረቀት ላይ ትክክል የሆነ ቀመር በማሽን ላይም እንዲሠራ በመካከል የሚወለዱት ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚገዝፉ መታሰብ አለበት።

በመንገድ መካከል ያለ ነጥብ

ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ርቀቱ ራሱ ሳይሆን በርቀቱ ላይ የሚገኝ አንድ ነጥብ ነው። ለዚህ ቲክዝ አጭር አጻጻፍ አለው። ከሀ ወደ ለ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ ያለው ነጥብ እንዲህ ይጻፋል፦

($(ሀ)!0.5!(ለ)$)

የቃለ አጋኖ ምልክቶቹ «ከዚህ ተነሥተህ ይህን ያህል ሂድ፣ አቅጣጫህ ወደዚያ ይሁን» የሚል መልእክት አላቸው። 0.25 ቢጻፍ ሩብ መንገድ ይሆናል፤ 1.5 ቢጻፍ ለን አልፎ ይሄዳል፤ ከዜሮ ያነሰ ቢጻፍ ከሀ ወደ ኋላ ይመለሳል። በክፍልፋዩ ቦታ ርዝመት ከነመለኪያው ከተጻፈ ደግሞ ከሀ ተነሥቶ ወደ ለ አቅጣጫ በዚያ ርዝመት ላይ ያለው ነጥብ ይገኛል። በነጥቦች መካከል ያለውን መንገድ በክፍልፋይ የመግለጽ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ክኑት ፊደላትን ለመንደፍ በሠሩት ሜታፎንት በተባለው ቋንቋም ነበረ።

ከአንድ ነጥብ ወደ አንድ መስመር በ90 ዲግሪ የሚወርድ መስመር ሲያስፈልግ በክፍልፋዩ ቦታ ያ ነጥብ ይገባል፦

($(ሀ)!(መ)!(ለ)$)

ይህ ነጥብ መ በሀ እና በለ በሚያልፈው መስመር ላይ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የጎነ ሦስትን ከፍታ ለመሣል ከዚህ የቀለለ መንገድ አይገኝም። ማዕዘን መጨመርም ይቻላል፦

($(ሀ)!1!60:(ለ)$)

ይህ ለን በሀ ዙሪያ በ60 ዲግሪ ያዞረዋል። የሚገኘው ነጥብ ዩክሊድ በሁለት ክቦች የፈለገው ሦስተኛ ማዕዘን ነው።

ለማሰለፍ ሥራ ደግሞ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፦

(ሀ |- ለ)

ትርጉሙ «አግድም ቦታው የሀ፣ ከፍታው የለ የሆነው ነጥብ» ማለት ነው። በሞተሩ ሥዕል ከዳሳሹ ወጥቶ ወደ ግራ የሚሄደው መስመር ከማነጻጸሪያው ክብ ትይዩ ሲደርስ ወደ ላይ መታጠፍ አለበት። የመታጠፊያው ነጥብ አግድም ቦታው የማነጻጸሪያው፣ ከፍታው የዳሳሹ ነው። ስለዚህ (ማነጻጸሪያ |- ዳሳሽ) ይባላል። አንድም ቁጥር አልተጻፈም፤ ማዕዘኑም ፈጽሞ አይጣመምም።

ሣጥኑን በርቀቱ ልክ መስፋት

አሁን ወደ ዳሳሹ ሣጥን እንመለስ። ስፋቱ ከተቆጣጣሪው ምዕራብ እስከ ሞተሩ ምሥራቅ ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። ሁለቱ ነጥቦች በአንድ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የአግድም ልዩነታቸው ይበቃል። ልዩነቱ በሌት ይሰላል፤ ውጤቱም ለሣጥኑ ዝቅተኛ ስፋት ይሰጣል። ቦታው ደግሞ ከተቆጣጣሪው ደቡብ ምዕራብ እስከ ሞተሩ ደቡብ ምሥራቅ ያለው መንገድ አጋማሽ ተወስዶ፣ ከዚያ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሣጥኑ ሰሜን መልሕቅ እንዲያርፍበት ይደረጋል።

ሥዕሉ በጣም ተጎልቶ ቢታይ ግን የታችኛው ሣጥን በሁለቱም ወገን በጥቂቱ ወጣ ብሎ ይገኛል። ይህ የሚሆነው መልሕቆቹ የሚቀመጡት በሣጥኑ መስመር የውጭ ጠርዝ ላይ፣ ዝቅተኛው ስፋት የሚቆጠረው ግን ከመስመሩ መካከል እስከ መካከል ስለሆነ ነው። ቲክዝ ካልተነገረው በቀር መስመር የሚያሰምረው በ0.4 ፖይንት ውፍረት ነው። ስለዚህ አዲሱ ሣጥን በጠቅላላው በ0.4 ፖይንት፣ ማለትም በ0.14 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በቀጭን መስመር አይታወቅም፤ መስመሩ በወፈረ ቁጥር ግን ጎልቶ ይወጣል። ከተሰላው ርቀት ላይ የመስመሩን ውፍረት መቀነስ፣ ወይም የሁሉንም ሣጥኖች የውጭ ክፍተት ዜሮ ማድረግ ልዩነቱን ያጠፋዋል።

የሚፈለገው ሣጥን ሌሎቹን ከውስጡ የሚያቅፍ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ፊት የተባለው ላይብረሪ የሚታቀፉት ሣጥኖች ስም ሲሰጠው ስፋቱንም ከፍታውንም በራሱ ይወስናል።

የግዕዝ ፊደልና የሣጥን ልክ

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ከተካተተ ወዲህ አማርኛን በዘመናዊ የላቴክ ማሽኖች ማዘጋጀት እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያሉ ነፃ ቅርጸ ፊደላትም አሉ። ሆኖም አንድ የእንግሊዝኛ ቃልና የአማርኛ ትርጉሙ የሚይዙት ቦታ እኩል አይደለም፤ ቅርጸ ፊደሉ ሲለወጥም ልኩ እንደገና ይለወጣል። በሁለት ቋንቋ ለሚሠራ ሰው በቁጥር የተጻፈ ስፋት ሁልጊዜ በአንደኛው ቋንቋ ስሕተት ነው።

እዚህም ስሌቱ ይረዳል። ዊድዝ የተባለው ተግባር አንድ ቃል የሚይዘውን ስፋት ይለካል፤ ማክስ የተባለው ደግሞ ከብዙ ቁጥሮች ትልቁን ይመርጣል። ሁለቱን በማጣመር ሁሉም ሣጥኖች በረጅሙ ቃል ልክ እኩል እንዲሰፉ ማዘዝ ይቻላል። በቃሉና በጠርዙ መካከል በግራም በቀኝም የሚተወውን ክፍተት በውጤቱ ላይ መጨመር ግን አይዘነጋም።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። እንደ ሸ፣ ቸ እና ኘ ያሉ ፊደላት ከአናታቸው ላይ ሰረዝ ስላላቸው በብዙ ቅርጸ ፊደላት ከሰ፣ ከተ እና ከነ ከፍ ይላሉ። ቲክዝ ሣጥኑን በቃሉ ከፍታ ልክ ስለሚሠራ፣ «ዳሳሽ» የሚለውና «ሞተር» የሚለው ሣጥን ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከፍታቸውም የቃላቱ መስመርም ላይገጥም ይችላል። ለሁሉም ሣጥኖች አንድ የጽሑፍ ከፍታና ጥልቀት መወሰን፣ ወይም ሣጥኖቹን በመካከላቸው ሳይሆን በፊደሎቹ መቆሚያ መስመር ማሰለፍ ችግሩን ይፈታል።

መጠንቀቅ የሚገባባቸው ነገሮች

የመጀመሪያው መለኪያ ነው። መለኪያ ሳይከተለው የተጻፈ 3 በነጥብ አቀማመጥ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ያው 3 በሣጥን ዝቅተኛ ስፋት ውስጥ ግን 3 ፖይንት፣ ማለትም ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ማሽኑ ይህን እንደ ስሕተት ስለማይቆጥረው አያስጠነቅቅም፤ ትእዛዙ ያልሠራ ብቻ ይመስላል። መለኪያን ሁልጊዜ መጻፍ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ሜታፎንት ያልታወቁ ነጥቦችን በእኩልታ ሊፈታ ይችላል፤ ቲክዝ ግን ከላይ ወደ ታች ያነባል። ገና ያልተሣለ ሣጥን መልሕቅ ስለሌለው ከእርሱ ርቀት ማስላት አይቻልም። ስለዚህ ሌሎች የሚደገፉባቸው ቅርጾች ይቀድማሉ።

ሦስተኛው ማሳነስ ነው። አንድ ሥዕል ለገጹ ሲሰፋ በመቶኛ እንዲቀንስ ቢታዘዝ የሚቀንሱት የነጥቦቹ ርቀቶች ናቸው፤ ሣጥኖቹና ፊደሎቹ ግን እንዳሉ ይቆያሉ። ለየብቻ ቆመው የነበሩ ሣጥኖች የሚደራረቡት በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው የስሌት ወሰን ነው። ሁሉም ነገር ከሌላ ነገር ሊሰላ አይችልም፤ አንድ ቦታ ላይ መነሻ ሊኖር ይገባል። በሣጥኖች መካከል ያለው ክፍተት፣ የመስመሩ ውፍረትና የመጀመሪያው ነጥብ ቦታ ሠዓሊው የሚወስናቸው ናቸው። ርዝመቱ ራሱ መረጃ ከሆነም፣ ለምሳሌ የአንድ ድልድይ ሥዕል በተወሰነ ሚዛን ሲነሣ፣ ቁጥሩ በግልጽ መጻፍ አለበት። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ቁጥር የተወሰነ ነው ወይስ ከሌላ ነገር የተገኘ? የተወሰነው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ ስም ተሰጥቶት ይጻፍ። የተገኘው ፈጽሞ በእጅ አይጻፍ።

ከ6.3 በኋላ

ተማሪዋ ሥዕሏን በዚህ መንገድ እንደገና ብትጽፈው በፋይሉ ውስጥ የሚቀሩት ቁጥሮች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ በሣጥኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ሌላው የታችኛው ሣጥን ከላይኛው ረድፍ የሚርቅበት ከፍታ ነው። 6.3 የለም። በቦታው «ከተቆጣጣሪው ግራ ጫፍ እስከ ሞተሩ ቀኝ ጫፍ» የሚል ዝምድና ተተክቷል፤ ይህም ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ለማለት የፈለገችው ነገር ነበር። ቃላቱ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በትግርኛ ቢሆኑ፣ ቅርጸ ፊደሉም ቢለወጥ፣ ሣጥኑ ከሞተሩ ጫፍ ላይ ያበቃል።

ይህን ልማድ ለመጀመር አዲስ ሥዕል መጠበቅ አያስፈልግም። ቀድሞ የተሠራ አንድ ሥዕል ተከፍቶ በውስጡ ያሉት ቁጥሮች አንድ በአንድ ይታዩ። ከዚያም ከሣጥኖቹ የአንዱ ቃል በእጥፍ እንዲረዝም ይደረግ። ሥዕሉ ሳይፈርስ ከቆመ ዝምድናዎቹ በትክክል ተገልጸዋል። ከፈረሰ ግን የፈረሰበት ቦታ በስሌት ሊተካ የሚገባውን ቁጥር በቀጥታ ያመለክታል። እርማቱም ከዚያ ይጀምራል።